ፎርማት የፋይል ፓስወርድ አይፈታም

ሰመራ የአፋር ክልል ቢሮዎች መቀመጫ ናት፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡርና የጅቡቲ መንገድ ከተማ። በሁለቱም የአንድ መጋዘን ዕቃ ወይም የአንድ ቢሮ የሠራተኞች ዝርዝር ሙሉ በሙሉ በአንድ የማይክሮሶፍት አክሰስ ፋይል ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ፋይሉን የሠራው ባለሙያ ተዛውሮ ሲሄድ ፓስወርዱን የሚያውቅ ይጠፋል። ያኔ የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ፣ ይከፈታል።»

ይህ ምክር የዓመታት መዝገብ በአንድ ከሰዓት ያጠፋል።

እምነቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚጠየቀው የዊንዶውስ ፓስወርድ ሲረሳ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ ጥያቄው በርግጥ ይቀራል፤ ጠጋኙም ደንበኛውም ይህን ደጋግመው አይተዋል። የአክሰስ ፋይል ፓስወርድ ግን ዊንዶውስ ውስጥ የለም፤ አክሰስ የተባለው ፕሮግራም ውስጥም የለም። ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ተነቅሎ ቢጫን፣ ፋይሉ በፍላሽ ከሰመራ አዲስ አበባ ቢላክ፣ ስሙ ቢቀየር፣ ፓስወርዱ አይለቀውም። ሲ ድራይቭ ፎርማት ሲደረግ ግን ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠው ፋይል ራሱ ይሄዳል፤ ዊንዶውስ በላዩ ላይ ከተጫነ በኋላ መልሶ የማግኘት ዕድሉ ይመነምናል። ይህን እያወቁ ዝም ብለው ፎርማት የሚያደርጉ ጠጋኞች ሊወቀሱ ይገባል። አንድ ጥያቄ መጠየቅ ምን ይከብዳል፦ ፓስወርድ የሚጠይቀው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ነው ወይስ ፋይሉ ሲከፈት?

ብዙ ጊዜ ደግሞ ፓስወርዱ አልተረሳም። አማርኛ ደብዳቤ ሲጽፍ የቆየ ሠራተኛ የግዕዝ መጻፊያውን ሳያጠፋ ወደ አክሰስ ይሻገራል። ሳጥኑ ፊደሉን በኮከብ ስለሚሸፍን ስህተቱ አይታይም። አምስት ቁልፍ ተመትቶ ሦስት ኮከብ ብቻ ከታየ መጠርጠር ነው። ፓስወርዱን ኖትፓድ ላይ ጽፎ ማየት ነገሩን ይፈታዋል፤ ካፕስ ሎክም እዚያው ይጋለጣል፣ አክሰስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያልና።

መረጃው በአንድ ፋይል፣ ቅጾቹ በሌላ ፋይል ሆነው በኔትወርክ የተገናኙ ከሆነ፣ የመረጃው ፋይል ፓስወርድ በተቀየረ ማግስት የሁሉም ኮምፒውተር ቅጽ «ፓስወርዱ ልክ አይደለም» ሊል ይችላል። የድሮዎቹን ሊንኮች ሰርዞ በአዲሱ ፓስወርድ ማገናኘት እንጂ ሌላ መፍትሔ መፈለግ አያስፈልግም።

«ፋይሉ በሥራ ላይ ነው» የሚለው መልእክት የፓስወርድ ጉዳይ አይደለም፤ ሌላ ሰው ከፍቶታል፣ ወይም መብራት ሲሄድ አክሰስ ጎን ለጎን የሚፈጥረው የመቆለፊያ ፋይል ሳይጠፋ ቀርቷል። «ያልታወቀ የዳታቤዝ ፎርማት» ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ወይም አክሰሱ አሮጌ ነው።

«ማንኛውንም ፓስወርድ የሚሰብር ሶፍትዌር አለ» የሚለውስ? ለአክሰስ 97 እና ለ2003 ፋይሎች እውነትነት አለው፤ ጥበቃቸው ደካማ ነበር። ከአክሰስ 2007 ወዲህ በመጣው የፋይል ዓይነት ግን ፓስወርዱ መረጃውን ራሱን ያመሰጥረዋል፤ በተለይ ከ2010 ወዲህ በተሠራ ፋይል ላይ ጠንካራ ፓስወርድ ከተረሳ ከመገመት ውጭ መንገድ የለም። የሰው ስምና ስልክ ያለበትን ፋይል ለማያውቁት «ሰባሪ» መላክም ከግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጋር ሊያጋጭ ይችላል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ለጠጋኝ ከመስጠትዎ በፊት ፋይሉን ፍላሽ ላይ ይገልብጡ፤ ፋይሉን ለሠራው ሰውም ይደውሉ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሆኑ የዝውውር ደብዳቤ ከመፈረምዎ በፊት ፓስወርዱን በታሸገ ፖስታ ይረከቡ።