አዋጁ የማያውቀው ተከራይ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን ሲያጸድቅ፣ ከአዳራሹ ብዙም በማይርቀው ፒያሳ ዶዘር ቤት ያፈርስ ነበር። አዋጁን አንብቤዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ክፉ አዋጅ አይደለም። አከራይ ያለ ሕጋዊ ምክንያት ተከራዩን ከሁለት ዓመት በፊት እንዳያስወጣ ይከለክላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይቻልም። «የስድስት ወር አምጣ፣ ካልሆነ ልቀቅ» ሲባል ለኖረ የአዲስ አበባ ተከራይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን አዋጁ እጁን የሚይዘው ግለሰብ አከራይን ነው። የከተማው ትልቁ አከራይ ማን ሆነና? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ሕዝቡ «ኪራይ ቤቶች» እያለ ለሚጠራው መሥሪያ ቤት። ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ፣ ብልጽግና ተተካ። አከራዩ ያው መንግሥት ነው።

ይህ አከራይ ቦታውን ሲፈልገው የሚመዘው ሌላ ሕግ አለው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ካሣ ከተከፈለ በኋላ የ90 ቀን ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ ካሣው አነሰኝ የሚል ሰው ግን ይግባኝ ለማለት አስቀድሞ ይዞታውን ማስረከቡን ማስረዳት ነበረበት። ቤትህን አስረክብና ከዚያ ና ተከራከር ማለት ነው! በ2011 ዓ.ም. ይህ ሕግ በአዋጅ 1161 ተተካ። ከፒያሳ የተነሱት የቀበሌ ቤት ተከራዮችም ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት እንዲያገኙ ተደርጓል፤ ይህን መካድ አይገባም። ከግለሰብ ግቢ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ልጆቹን ያስተምር የነበረውስ? በደባልነት የኖረውስ? ካሣው የባለይዞታው ነው። ቤቱ ራሱ ከፈረሰ የሁለት ዓመቱ ዋስትና ምን ላይ ይቆማል?

ሕገ መንግሥቱ ለዚህ መልስ አለው። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ባለይዞታዎች አይልም፤ ሰዎች ሁሉ ነው የሚለው። ተከራይ ሰው ካልሆነ በቀር ሌላ ትርጉም ሊሰጠው አይችልም።

እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አከራይ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቁልፍ መቀየር አይችልም። ፍርድ ቤት ከፈረደ በኋላም ቢሆን ዝናብ እየጣለ ከሆነ፣ ወይም ብርዱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል ተብሎ ከተተነበየ፣ በዚያ ቀን ማንም ከቤቱ አይወጣም። (አሜሪካ ገነት ናት ማለቴ አይደለም፤ ኪራይ ያቃተው ድሃ እዚህም ይባረራል።) ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት የሚመስለው ካለ፣ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችውን የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን ያስታውስ። የቃል ኪዳኑ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ማብራሪያ ነዋሪው ካልተስማማ በቀር በሌሊትና በክፉ የአየር ጠባይ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ አሳስቧል። በሰኔ 2008 ዓ.ም. ሐና ማርያም አካባቢ ቤቶች ሲፈርሱ ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል።

አንድ ነገር ለእኛው ለውጭ ነዋሪዎች ልበል። ከመካከላችን አዲስ አበባ ቤት ሠርቶ በውክልና የሚያከራየው ጥቂት አይደለም። ግብር ሽሽት ውሉን ማስመዝገብ የማይፈልግም አለ። ያልተመዘገበ ተከራይ ግን ዶዘሩ መጥቶ «እዚህ ማን ይኖር ነበር?» ሲባል ስሙ የትም አይገኝም። ለሰብዓዊ መብት ሰልፍ የሚወጣ ባለቤት ለወኪሉ ስልክ ደውሎ ውሉን ያስመዝግብ፤ አንድ ቅጂም ለተከራዩ ይስጥ። አንቀጽ 44ን ጠቅሶ አቤት ለማለት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ያ ወረቀት ነው።