ጌጁን ከማየትህ በፊት

ባለፈው መስከረም አባትና ልጅ አብረውኝ ሊጠልቁ ቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ኤላት መጡ። አባትየው ዕድሜያቸውን በመኪና ጥገና ያሳለፉ፣ ሃምሳውን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ልጁ ከውትድርና ከተመለሰ ገና ጥቂት ወሩ ነበር። ሁለቱም የመጥለቅ ፈቃድ አላቸው። ጠጠሩ ላይ ቆመን ዕቃ ስንገጣጥም አባት ከአየር ቦምቦላቸው በጎማ ቱቦ የተንጠለጠለችውን ባለ ቀስት ጌጅ መዳፋቸው ላይ አድርገው፣ «ባትሪ የሚበላ ነገር አንድ ቀን ይከዳል፤ ይቺን ግን ከጋራዥ ጀምሮ አውቃታለሁ» አሉ። ልጁ ደግሞ አንጓው ላይ ያሰረውን ኮምፒውተር አሳያቸው፦ «አባዬ፣ ያንተዋ አየር ብቻ ነው የምትነግርህ። የእኔ ጥልቀቱንም፣ ያለፈውን ጊዜም፣ የቀረኝን ደቂቃም ያሰላል።» ከዚያ ሁለቱም ፍረድ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ፣ እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው የምገባው» አልኳቸው፤ በዚያው ታለፈ። ጥያቄው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመለስ አይደለም። የመጥለቅ አስተማሪ ነኝና፣ በየሳምንቱ የሰው ትንፋሽ በእጄ ላይ አድሮ ስለምገባ፣ የማስበውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

አባትየው ጌጇን አውቃታለሁ ማለታቸው እውነት ነው። የጋራዥ ኮምፕሬሰር ላይ ያለችውና ጠላቂ የሚይዛት እህትማማች ናቸው። ውስጣቸው እንደ ማጭድ የታጠፈ ጠፍጣፋ ቀጭን የብረት ቱቦ አለ። ግፊት ሲገባበት ቱቦው ሊቃና ይሞክራል፤ ያቺ ጥቂት እንቅስቃሴ በማርሽ ጥርሶች ተባዝታ ቀስቱን ታዞራለች። ፈረንሳዊው ኤዤን ቡርዶን ይህን ዘዴ በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1849 ነው። ባትሪ የለ፣ ስሌት የለ፤ አየሩ ራሱ ቀስቷን ይገፋል።

ይህችም እንኳ ያልነበረችበት ዘመን ነበር። ኩስቶና ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 የመተንፈሻ መሣሪያቸውን ከሠሩ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት አብዛኛው ጠላቂ የቀረውን አየር የሚያውቅበት መለኪያ አልነበረውም። ትንፋሽ ሲከብደው የመጠባበቂያውን ዘንግ ወደ ታች ይስብና በተረፈችው አየር ይወጣል። ዘንጉ ድንጋይ ነክቶት ሳያውቀው አስቀድሞ ተስቦ ከሆነ ግን፣ የሚጠባበቀው መጠባበቂያ አስቀድሞ አልቋል። ስለዚህ ባለ ቀስቷ ጌጅ በጊዜዋ ሕይወት ያተረፈች ናት፤ ማንም ሲንቃት ደስ አይለኝም።

ዛሬም ቢሆን ኮምፒውተሩ እንደ እሷ የማያሳየው ነገር አላት። ከመግባታችን በፊት ተማሪዎቼን ጌጁን እያዩ ሦስት አራት ጊዜ በረጅሙ እንዲተነፍሱ አደርጋለሁ። ቀስቷ ዝም ካለች የቦምቦላው ቫልቭ በደንብ ተከፍቷል። አየር በሳቡ ቁጥር ዝቅ ብላ ከተመለሰች ግን ቫልቩ የተከፈተው በጥቂቱ ነው፤ ከውሃው በላይ ሳለህ የበቃህ አየር 20 ሜትር ላይ ያጥርሃል። በየጥቂት ሴኮንዱ ቁጥር የሚቀይር ስክሪን ይህን መንቀጥቀጥ ሊዘለው ይችላል።

ግን ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኪራይ ጌጅ ከያዘች አንዲት ጠላቂ ጋር 18 ሜትር ላይ ነበርን። 15ኛው ደቂቃ ላይ ስንት አየር እንደቀራት በምልክት ስጠይቃት 120 ባር ግፊት እንዳላት በጣቷ ነገረችኝ። 22ኛው ደቂቃ ላይ ስጠይቃት አሁንም 120። ረጋ ብላ ትዋኛለች፤ ፊቷ ላይ ምንም ጭንቀት የለም። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው፦ 18 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው 2.8 እጥፍ ነው። ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚያ 56 ሊትር ይፈጃል። ባለ 12 ሊትር ቦምቦላ በየባሩ 12 ሊትር ስለሚይዝ፣ በደቂቃ 5 ባር ግድም ይወርዳል ማለት ነው። በ7 ደቂቃ ቢያንስ 30 ባር መጥፋት ነበረበት። ጌጁን በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ቀስቷ ዘልላ 85 ላይ ቆመች። ጨው ገብቶ ይዟት ነበር። ወዲያው ጉዞውን አቋርጠን ቀስ ብለን ወጣን።

ከዚያ ቀን የተማርኩት አለ። አሮጌ መሣሪያ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ በዝምታ ነው የሚበላሸው። ቀስቷ እንደ ሁልጊዜው ቁጥር ላይ ቆማ ትጠብቅሃለች፤ ስትሳሳትም መልኳ አይለወጥም።

ኤሌክትሮኒኩ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ገመድ የሌለው ዓይነት ቦምቦላው አጠገብ አስተላላፊ ይገጠምለትና ግፊቱን በሬዲዮ ሞገድ ወደ አንጓ ይልካል። ሞገዱ ባሕር ውስጥ ሩቅ አይሄድም። አንዳንዴ የፎቶ አንሺ ፍላሽ በአጠገብ ሲበራ እንኳ ይቋረጣል። ያኔ በቁጥሩ ቦታ ጭረት ይመጣል፤ ዕቃው «አላውቅም» ይላል። ሰው ይደነግጣል፣ ግን በግልጽ አላውቅም ማለት ታማኝነት ነው።

ኮምፒውተሩ የሚያሸንፍበት ቦታ ሌላ ነው። ጆን ስኮት ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1908 ካወጣቸው ሠንጠረዦች ጀምሮ የጠላቂ ትልቁ ጥያቄ ናይትሮጅን ነው፦ ግፊቱ ሥጋችን ውስጥ የሚያሟሟው ጋዝ በችኮላ ስንወጣ አረፋ እንዳይሆን። ተማሪ ሆኜ በተማርኩበት ሠንጠረዥ 18 ሜትር ላይ 56 ደቂቃ፣ 30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ ብቻ ይፈቀዳል። ሠንጠረዡ ጊዜህን በሙሉ በጥልቁ ቦታ እንዳሳለፍከው አድርጎ ይቆጥራል። እኛ ግን እዚህ 26 ሜትር ግድም ላይ የተኛችውን ሳቲል የምትባለውን መርከብ ጥቂት አይተን፣ ቀሪውን ጊዜ ኮራሉ ዘንድ 10 ሜትር ላይ እናሳልፋለን። ይህን እያንዳንዱን መውጣትና መውረድ ተከትሎ የሚያሰላው ኮምፒውተር ብቻ ነው። ስትቸኩል ይጮህብሃል፤ ቀስት አይጮህም።

ሆኖም የሚያሰላው በሰጠኸው መረጃ ነው። ቦምቦላህ ውስጥ ተራ አየር እያለ፣ ትናንት የሞላኸው 32 በመቶ ኦክስጅን ቅንብሩ ላይ ከቀረ፣ የሌለ ደቂቃ ይሰጥሃል። ጠዋት ወንድምህ ለብሶት ገብቶ ከሰዓት አንተ ብታስረው፣ የሚያስታውሰው የወንድምህን ናይትሮጅን ነው። ስክሪኑ ግን ያው ጥርት ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ሰውም ጥርት ያለ ቁጥር ሲያይ ማሰብ ይተዋል።

ምሳ ላይ፣ ጣና ዳር ያለችው የደንቢያ ተወላጅ የሆኑት አባት፣ «ጣና ውስጥ ብንገባስ?» ብለው ጠየቁኝ። ልቤን የነካኝ ጥያቄ ነው፤ ለጉዳያችንም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። የጥልቀት መለኪያ የሚባል ሁሉ የሚያውቀው ግፊትን ብቻ ነው፤ ሜትሩ ትርጉም ነው። ትርጉሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሠራው ለባሕር ጠለልና ለጨው ውሃ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ግድም ከፍ ይላል፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን 0.8 ያህል ብቻ ነው፤ ውሃውም ጨው ስለሌለው ይቀላል። ማስተካከያ የሌለው የቡርዶን ጥልቀት መለኪያ እዚያ መጀመሪያ ሁለት ሜትር ያህል ከዜሮ አይነሳም። 10 ሜትር ላይ ቆመህ 8 እንኳ አይሞላም ይልሃል። አብዛኛው የዛሬ ኮምፒውተር የአካባቢውን የአየር ግፊት ራሱ ይለካል፤ ጨው የሌለው ውሃ መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ አንተ ልትነግረው ይገባል። ሁለቱም መሣሪያዎች ሳይበላሹ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሉህ ይችላሉ። የቱ ልክ እንደሆነ የሚያውቀው የት ቦታ እንደቆመ የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የማስተምረው አንድ ልማድ አለ፦ ጌጁን ከማየትህ በፊት ገምት። በስንት ባር ገባሁ? ስንት ደቂቃ ሆነኝ? በየትኛው ጥልቀት? ቁጥሩን በልብህ ያዝ፤ ከዚያ እይ። ንባቡ ግምትህን ካጸደቀ ቀጥል። ልዩነቱ ከ20 ባር ከበለጠ ግን አንዱ ተሳስቷል። ማን እንደተሳሳተ ለማጣራት ውሃ ውስጥ ፋታ የለም፤ የሚያንሰውን እንደ እውነት ወስደህ፣ ለጓደኛህ ምልክት ሰጥተህ ወደ ላይ ጀምር። መሣሪያ አዲስ ወሬ የሚነግርህ ከሆነ ቀድሞውንም ልብህ እዚያ አልነበረም ማለት ነው። ቀስትም ይሁን ስክሪን፣ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ሌላ ምስክር ሲኖር ነው። ያ ሌላው ምስክር አንተ ነህ።

ከሰዓት ደግመን ስንገባ ይህን ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ እንደ ደንቡ ስንቆም፣ አባት ጌጃቸውን ደረታቸው ላይ ገልብጠው ለልጃቸው በጣታቸው 80 አሉት። ከዚያ ገልጠው አሳዩት፦ 75። ልጁም ስክሪኑን በመዳፉ ከድኖ 60 አለ፤ መዳፉን ሲያነሳ 70 ነበር።

ወደ ጠጠሩ ስንወጣ የጠዋቱን ክርክር አላነሱትም። ዕቃቸውን እየፈቱ እስኪለዩኝ ድረስ የተከራከሩት፣ ማን ይበልጥ ተጠግቶ ገመተ በሚለው ነበር።