ቅርጫት ኳስን በትእዛዝ ወይስ በጥንድ እንማር?



ቅርጫት ኳስን እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበር። ሲጀምር 18 ተማሪዎችና ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫቶች ነበሩት። በእኛ ሜዳ ግን 40 ተማሪ ለአንድ ኳስ ይሰለፋል። የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ቢከፋፈል ለእያንዳንዳችሁ የሚደርሰው 1 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ የማስተማሪያው ዘዴ ሊታሰብበት ይገባል።

አንደኛው የትእዛዝ ዘዴ ነው። መምህሩ ያሳያል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ሁሉም ይከተላል። አዲስ እንቅስቃሴ ለማሳየትና ሥርዓት ለማስያዝ ይጠቅማል። ጉድለቱ አንድ መምህር የአርባውንም ስሕተት ለማየት አለመቻሉ ነው። እኔም አንድ ሰሞን በዚህ ዘዴ ብቻ አስተምር ነበር። ከሰልፉ መጨረሻ የምትቆም አንዲት ዓይን አፋር ተማሪ ተራዋ ሳይደርስ ደወል እየተደወለ ሳምንታት አለፉ። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የእኔ ነበር።

ሁለተኛው የጥንድ ዘዴ ነው። ሙስካ ሞስተን የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ካብራራቸው የማስተማሪያ ዘዴዎች አንዱ ይህ ነው። አንዱ ይሠራል፣ ጓደኛው ተመልክቶ ያርመዋል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ኳስ ቢያንስም ማቀበልን በጨርቅ ኳስ መለማመድ ይቻላል፤ ማንጠርን ግን እውነተኛው ኳስ በተራ ሲደርሳችሁ ትለማመዳላችሁ።

ከደረት ኳስ ሲያቀብል ተመልካቹ የሚከታተላቸው ነጥቦች፦

1. ኳሱ በመዳፍ ሳይሆን በጣቶች መያዙን፤
2. ከደረት ትይዩ መነሣቱን፤
3. አቀባዩ አንድ እግሩን ወደ ፊት ማራመዱን፤
4. ኳሱ ከእጅ ከወጣ በኋላ አውራ ጣቶች ወደ መሬት ማመልከታቸውን።

ተመልካች ሆይ፣ በመጀመሪያ ጓደኛህ በትክክል የሠራውን ንገረው፤ ቀጥሎ አንድ ስሕተት ብቻ አሳየው። መሳቅና ማሾፍ ክልክል ነው። የሌላውን እጅ አስተውሎ ያረመ ተማሪ የራሱንም ስሕተት ቶሎ ያውቃል።

እንግዲህ አንዱን ዘዴ መጣል አያስፈልግም። መምህሩ በትእዛዝ ያሳይ፤ ልምምዱ በጥንድ ይሁን።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በሜዳ ላይ ቆማ ጓደኛዋን ስትመለከት ብታዩ ሥራ ፈታለች አትበሉ። በዚያች ሰዓት እየተማረችም እያስተማረችም ነው።

መልካም ልምምድ!