የጓያ ሽባነት፦ ከማሳ እስከ ማዕድ

ጓያ ዝናብ ሲያጥር ከሚያፈሩ ጥቂት ጥራጥሬዎች አንዱ ነው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ የሚገኙ ገበሬዎች ክረምቱ ሊወጣ ሲል በዋልካ መሬት ላይ ይዘሩታል። በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይበቅላል፤ ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለመሬቱ ይመልሳል። በፕሮቲን ይዘቱም ከባቄላና ከአተር አያንስም። የአየር ንብረት ለውጥን ሊቋቋም ይችላል ተብሎ ከሚፈለግ ሰብል የሚጠበቀው ባሕርይ ከሞላ ጎደል በዚህ ተክል ላይ ይገኛል፤ ለጤና ባለሙያው አሳሳቢ የሆነው አንድ ነገር ሲቀር።

የጓያ ፍሬ ቤታ ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ አለበት። ይህ ንጥረ ነገር ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ስለሚመስል የነርቭ ሕዋሳትን ከመጠን በላይ በማነቃቃት ይጎዳል። በተለይ የሚጠቃው ከአንጎል ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ እግሮች የሚወርደው የእንቅስቃሴ መስመር ነው። ጓያን ዋነኛ ምግባቸው አድርገው ለሁለትና ለሦስት ወራት ከቆዩ ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ፣ ብዙውን ጊዜ ከከባድ ሥራ በኋላ፣ የባት መኮማተርና የእግር መክበድ ይሰማቸዋል። ሲመረመሩ እግሮቻቸው የተወጠሩ፣ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ሪፍሌክሳቸው የጨመረ፣ የባቢንስኪ ምልክት ያለባቸው ሆነው ይገኛሉ፤ የቆዳ ስሜትና አእምሮ ግን በአብዛኛው አይነኩም። ይህም በሽታውን ከፖሊዮ ልፍስፍስ ሽባነት፣ እንዲሁም ከአከርካሪ አጥንት ነቀርሳ ለመለየት ይረዳል። ሲራመዱ ጉልበቶቻቸው እየተጋጩ በጣቶቻቸው ጫፍ ይረግጣሉ። ሕዝቡ «ጓያ ሰበረው» የሚለው ይህንን ነው። ጓያውን መተው ጉዳቱ እንዳይባባስ ያደርጋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። በብዛት የሚጠቁት ወጣት ወንዶች፣ ማለትም ሞፈር የሚይዙት፣ በመሆናቸው የአንድ ሰው መታመም የቤተሰቡን ቀጣይ ምርት ጭምር ይጎዳል።

እንዲህ ያለ እህል ለምን አይከለከልም የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል። ህንድ በ1961 እ.ኤ.አ. የጓያን ሽያጭ በሕግ አግዳ ነበር፤ ሆኖም ገበሬው መዝራቱንና መብላቱን አልተወም። ክልከላው የደረሰው ለገበያው እንጂ ሌላ የሚበላ ለሌለው ቤተሰብ አልነበረም። በአገራችንም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በወሎ፣ በደላንታና ዳውንት፣ ድርቅ ሌሎቹን ሰብሎች ሲያጠፋ የተረፈው ጓያ ነበር። በተከተለው ወረርሽኝ 2,000 ያህል ሰዎች ለሽባነት ተዳረጉ። ለሕመም ያበቃቸው ጓያ መብላታቸው ሳይሆን ከጓያ ሌላ የሚበላ ማጣታቸው ነበር።

የእርሻ ምርምር የመርዙ መጠን አነስተኛ የሆኑ ዝርያዎችን ለማውጣት ብዙ ደክሟል፤ በኢትዮጵያም ዋሴ የተባለው ዝርያ ለገበሬዎች ቀርቧል። ይህ የሚያበረታታ ሥራ ነው፤ ዋስትናው ግን ሙሉ አይደለም። ንቦች ከጎረቤት ማሳ ብናኝ እያመጡ ስለሚያዳቅሉት የተሻሻለው ዘር በየጊዜው ካልታደሰ ባሕርይውን ይለውጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ድርቅና በአፈር ውስጥ የዚንክ እጥረት በፍሬው ውስጥ ያለውን የኦዳፕ መጠን የሚጨምሩ መሆናቸው ነው፤ በሌላ አነጋገር እህሉ በጣም በሚፈለግበት ዓመት መርዙም ይበዛል። ስለዚህ ዘሩን ማሻሻል ብቻውን አይበቃም። የድሃ እህል ተብሎ በዘር ብዜት ዕቅድ ወደ ኋላ የሚቀረው ጓያ ከስንዴና ከበቆሎ እኩል ትኩረት ሊያገኝ ይገባዋል፤ ለማዳበሪያ ዕዳ ሲል ጤፉንና ሽንብራውን ሸጦ ጓያውን ለራሱ የሚያስቀር ገበሬም የሚበላ እህል የሚያስቀርበት የብድርና የገበያ ሥርዓት ያስፈልገዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለዚህ ዓይነተኛ መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ የእህሉም ሆነ የገንዘቡ ክፍያ መድረስ ያለበት ግን ቤተሰቡ ጓያ ብቻ መብላት ከመጀመሩ በፊት ነው። ሦስት ወር የዘገየ እርዳታ ረሃቡን ቢያስታግስም እግሩን አያድንም።

በማዕድ ቤት የሚደረገው ጥንቃቄ ቀላል ነው። ኦዳፕ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ፍሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መጠኑን ይቀንሳል። ጓያ ሜቲዮኒንና ሲስቲን የተባሉት ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ስለሚያንሱት ከገብስ፣ ከስንዴ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ መመገብ ይከላከላል። በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ንፍሮው፣ ቆሎውና እሸቱ አደጋውን ሲጨምሩ፣ ሽንኩርትና ቅመም ባለው ወጥ የተበላው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እረኛ ልጆች በማሳ ውስጥ የሚቀጥፉት እሸት በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ሆኖም ውኃ ከሩቅ ለሚቀዳ ቤት ዘፍዝፎ ድፉ ማለት፣ ገብስ ለሌለው ቤት ቀላቅሉ ማለት ምክር ተብሎ ብቻ የሚቀር ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይህንን ሳታጣራ ብታስተምር የሚሰማት አታገኝም።

ለታመመው ሰው ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ባክሎፌን የጡንቻውን ውጥረት ሊያላላ ይችላል፤ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናና ተስማሚ ምርኩዝ ግን ለብዙዎቹ ይበልጥ ይጠቅማሉ። አንድ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ጤና ጣቢያ ሲመጣ በቤቱ ምን እንደሚበላና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ መጠየቅ፣ ወንድሞቹንና ጎረቤቶቹን መመርመር፣ ሪፖርቱንም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን ለግብርና ጽሕፈት ቤቱና የእርዳታ እህል ለሚጠይቀው ክፍል በዚያው ሳምንት ማድረስ ያስፈልጋል።