አርባ ዓመት ያለፈው ቦክሰኛ ወደ መድረክ የሚመለሰው ስለ ምን ነው?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የስፖርት ወሬ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ኳስ ነው፤ ከኳስ ቀጥሎ ሩጫ ይመጣል። ቦክስ የሚታወሰው ከብዙ ጊዜ አንዴ ነው። ይሁን እንጂ ማይክ ታይሰን በ58 ዓመቱ ከ27 ዓመቱ ጄክ ፖል ጋር በቴክሳስ መጋጠሙና ከስምንት ዙር በኋላ በነጥብ መሸነፉ በሻይ ቤት ወሬ መካከል ከተነሣ፣ ተማሪውና ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ በሁለት መከፈሉ አይቀርም። አንዱ ወገን፣ «ሽማግሌ መደብደብ ምን ጀግንነት አለው?» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «ሰውየው ሚሊዮኑን ተቀብሎ ቤቱ ገባ፤ ታዲያ ሞኙ ማን ነው?» ሲል ይመልሳል። ግጥሚያው የተደረገው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ነበር፤ ከዚህ በታችም የውጭ አገሩን ታሪክ ስናነሣ የምንጠቅሰው በዚያው አቆጣጠር ነው።

ለእኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ወገኖች ጥያቄውን ከመካከሉ ቆርጠውታል። ዕድሜ ጉልበትን እንደሚቀንስ ሁሉም ያውቃል፤ ገንዘብ ሰውን ከተቀመጠበት እንደሚያስነሣም ሁሉም ያውቃል። ሊመረመር የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ዕድሜው የገፋ ቦክሰኛ የሚመለስበት ምክንያት በግጥሚያው ውጤት ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው? የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ገላው እንናገር። ዕድሜ ከቦክሰኛው ሁሉን ነገር በአንድ ቀን አይነጥቅም። ቀድሞ የሚወስደው እግሩን ነው። ቀጥሎም ዐይን ያየውን እጅ ወዲያው የሚፈጽምበትን ቅልጥፍና ይወስዳል፤ ሰውየው የሚመጣውን ጡጫ ያየዋል፣ ነገር ግን ራሱን ዘወር እስኪያደርግ ጡጫው ደርሷል። ከሁሉ በኋላ የሚሄደው የክንድ ክብደት ነው። በቀላል ሚዛን ይህ የክንድ ክብደት ብቻውን ብዙ አይረባም። በከባድ ሚዛን ግን ነገሩ ይለያል፤ ከ200 ፓውንድ፣ ማለት ከ90 ኪሎ ግራም ገደማ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ የሚገጥምበት ስለ ሆነ ጣሪያ የለውም፤ ሰውየው ቢወፍር የሚከለክለው የለም፤ አንድ ጡጫም የአንድ ሰዓት ሥራን ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ በእግሩ ተማምኖ የኖረ ቦክሰኛ ቶሎ ያረጃል፤ በክንዱ ተማምኖ የኖረ ግን ጥቂት ይሰነብታል።

በእግሩ ተማምኖ የኖረው መሐመድ ዓሊ ነበር። ዓሊ በ1978 ሊዮን ስፒንክስን በነጥብ አሸንፎ ለሦስተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ቦክስን ትቶ ነበር። ግን ብዙ አልቆየም። አራተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ለመሆን ፈለገ፤ የቀረበለትም ገንዘብ 8 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስለዚህ ኦክቶበር 2 ቀን 1980 በላስ ቬጋስ ከላሪ ሆምስ ጋር ተጋጠመ። ሆምስ ቀድሞ በልምምድ ጊዜ የዓሊ ተጋጣሚ ሆኖ ይሠራ የነበረ፣ የጌታውን አካሄድ አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው ነው። ዓሊ ያን ጊዜ 38 ዓመቱ ሲሆን፣ ገላው ከስቶ፣ ነጩ ፀጉሩ በቀለም ተሸፍኖ፣ ላየው ሰው የጥንቱን ይመስል ነበር። መክሳቱ ግን ከልምምድ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የወሰደው የእንቅርት ዕጢ መድኃኒት ኃይሉን አድክሞት ነበር። በዐሥሩም ዙር ሆምስ አሸነፈ። ከዐሥረኛው ዙር በኋላ አሠልጣኙ አንጄሎ ዳንዲ ግጥሚያው እንዲቆም አደረገ። አሸናፊው ሆምስ አለቀሰ። ዓሊ ይህም አልበቃው ብሎ በሚቀጥለው ዓመት በባሃማስ ከትሬቨር ቤርቢክ ጋር ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። በ1984 የፓርኪንሰን በሽታ እንዳለበት ሐኪሞች አስታወቁ።

የዓሊ ምክንያት ምን ነበር? ገንዘቡ እርግጥ ነው። ከገንዘቡ በላይ ግን ዓሊ የፈለገው የቀድሞውን ዓሊ መሆን ነበር። ይህ ምክንያት ሰውን ወደ መድረክ ያወጣዋል እንጂ መድረክ ላይ አይረዳውም፤ ምክንያቱም የቀድሞውን ለመሆን የሚሻ ሰው የሚዋጋው በቀድሞው አኳኋን ነውና። እግሩ የለም፤ እርሱ ግን እንዳለ አድርጎ ይገጥማል።

«እንግዲያው ብርቱ ችግር ያለበት ሰውስ?» የሚል ይኖራል። የጆ ሉዊስ ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 ሻምፒዮንነቱን ይዞ 25 ጊዜ ያስከበረ ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሁለት ግጥሚያ ገቢውን ለአሜሪካ ባሕር ኃይልና ለጦር ሠራዊት መርጃ ማኅበር ሰጠ። ኋላ ግን የመንግሥት ግብር ዕዳ በላዩ ላይ ተከምሮ መውጫ ስላሳጣው፣ ከተወው ሥራ ተመለሰ። በ1950 በኤዛርድ ቻርልስ ተሸነፈ። በ1951፣ በ37 ዓመቱ፣ የ28 ዓመቱ ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር በዝረራ ጣለው። ከሉዊስ የበለጠ ብርቱ ምክንያት የነበረው ሰው ማን ነው? ባለዕዳ ነበር፤ መብላትም ነበረበት። ሆኖም ዕዳ ሰውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል እንጂ ለክንዱ ፍጥነት አይጨምርለትም።

ሉዊስን የጣለው ማርሲያኖ ራሱ ከ49 ግጥሚያ አንዱንም ሳይሸነፍ፣ በ1956 በ32 ዓመቱ ተወው። እንዲህ ያለ ሰው በከባድ ሚዛን ታሪክ ውስጥ በጣም ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ጆርጅ ፎርማን እንምጣ። ፎርማን በ1974 በኪንሻሳ፣ ከዓሊ ጋር ባደረገው ግጥሚያ፣ በስምንተኛው ዙር ወድቆ ሻምፒዮንነቱን አጣ። ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነበር፤ ቁጡና ዝምተኛ ሰው ነበር ይባላል። በ1977 በጂሚ ያንግ ከተሸነፈ በኋላ ቦክስን ትቶ በሂውስተን የወንጌል ሰባኪ ሆነ። ለዐሥር ዓመት ጓንት አላጠለቀም። በ1984 ለሰፈሩ ወጣቶች የስፖርት ማእከል አቋቋመ፤ ማእከሉ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። በ1987፣ በ38 ዓመቱ፣ 120 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኖ ሲመለስ ጋዜጠኞች ሳቁበት። እርሱም አብሯቸው ሳቀ። ይህ ሳቅ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሰውየው የቀድሞውን ፎርማን ለመሆን እንዳልመጣ ይመሰክራል።

አዋጋጉንም ለወጠ። በወጣትነቱ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ኃይሉን ሁሉ አፍስሶ ይደክም ነበር፤ አሁን ግን በዝግታ ወደ ፊት እየሄደ፣ ክንዱን አጣምሮ ፊቱን እየሸፈነ፣ ቀጥ ባለ የግራ ጡጫ እየነካካ ጊዜውን ይጠብቃል። በዙሮች መካከል በወንበር ላይ አይቀመጥም ነበር፤ ይቆማል። በ1991 በ42 ዓመቱ ከኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር 12 ዙር ሙሉ ቆሞ በነጥብ ተሸነፈ፤ ብዙ ሰው ግን ያደነቀው እርሱን ነው።

ኖቬምበር 5 ቀን 1994 በላስ ቬጋስ ከማይክል ሙረር ጋር ተጋጠመ። ሙረር 26 ዓመቱ፣ ግራኝ፣ እስከዚያ ቀን ያልተሸነፈ ሻምፒዮን ነው፤ በመካከላቸው 19 ዓመት አለ። ፎርማን የለበሰው በኪንሻሳ ለብሶት የነበረውን ቀዩን ቁምጣ ነበር። በጎኑ የቆመው አሠልጣኝ ደግሞ አንጄሎ ዳንዲ ነው፤ በኪንሻሳ በዓሊ በኩል ቆሞ የነበረው፣ በ1980ም ዓሊ እንዳይሞት ግጥሚያውን ያስቆመው ያው ዳንዲ። እስከ ዘጠነኛው ዙር በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ሙረር ይመራ ነበር። በዐሥረኛው ዙር አንድ አጭር ቀኝ ጡጫ አገጩ ላይ አረፈ፤ ሙረር በጀርባው ተዘረረ። ፎርማን በማዕዘኑ ተንበርክኮ ጸለየ። 45 ዓመት ሆኖት የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ነጋዴ አንባቢዎቻችን ይወዱት እንደ ሆነ እንጨምር፤ ፎርማን በስሙ የሚሸጥ የሥጋ መጥበሻ አውጥቶ በ1999 የስሙን መብት ሲሸጥ፣ እርሱና ሸሪኮቹ ከ130 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኙበት። በቡጢ ይህን ያህል አላገኘም።

የጉራጌ አገር ሰው የዓሊንና የፎርማንን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ለመስቀል ከመርካቶ ተነሥተው በወልቂጤና በቡታጅራ በኩል ወደየመንደራቸው ከሚገቡት አባቶች መካከል፣ «አባባ፣ አሁንስ ሱቁን ለልጅዎ ቢለቁለት?» የሚባሉ ብዙ ናቸው። አንዱ ሱቁን የማይለቀው ያለ ሱቁ ማን እንደ ሆነ ስለማያውቅ ነው፤ ልጁም ያስቸግረዋል፣ ሒሳቡም ይዛባበታል። ሌላው ግን የሚቈጥረው ነገር አለው፤ የሚያስተምረው የልጅ ልጅ፣ ለመንደሩ የተሳለው መዋጮ። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ የነበሩ ጉራጌዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ገንዘብ እያዋጡ ለአገራቸው መንገድ ያሠሩ በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው። ይህኛው ሽማግሌ ከባዱን ዕቃ ለወጣት ያሸክማል፤ እርሱ ዋጋውን ይነጋገራል። ሥራውን አልተወም፤ አሠራሩን ግን እንደ ዕድሜው አድርጓል።

ከገዛ አትሌቶቻችንም ምስክር አለን። ማሞ ወልዴ በ1956 በሜልቦርን የሮጠው በአጭርና በመካከለኛ ርቀት ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ፣ በ36 ዓመቱ፣ ማራቶንን አሸነፈ፤ በዚያው ቀን በተመሳሳይ ዕድሜ የነበረው አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ነበር። በ1972 በሙኒክ ደግሞ ማሞ 40 ዓመት ሆኖት ሦስተኛ ወጣ። ማሞ ዕድሜው ሲገፋ ርቀቱን አረዘመ እንጂ የወጣትነቱን ሩጫ አልሙጥኝ አላለም። ቀነኒሳ በቀለም እንዲሁ ከመም ወደ ጎዳና ወጥቶ በ2024 በለንደን ማራቶን በ41 ዓመቱ ሁለተኛ ሆኗል። ሩጫ ግን አንድ ምሕረት አለው፤ የደከመ ሯጭ ወደ ኋላ ይቀራል እንጂ ራሱን የሚመታው የለም። የደከመ ቦክሰኛ ግን የድካሙን ዋጋ የሚከፍለው በአንጎሉ ነው። ስለዚህ «ገንዘቡን ተቀብሎ ገባ» የሚለው ወገን ሒሳቡን ሳይጨርስ ነው የተነሣው፤ ዓሊም በ1980 ገንዘቡን ተቀብሎ ገብቶ ነበር።

ፎርማንም ቢሆን ዕድሜን ለዘለዓለም አላታለለም። በኖቬምበር 1997፣ 48 ዓመት ሲሆነው፣ ከሻነን ብሪግስ ጋር 12 ዙር ተጋጥሞ ዳኞች በነጥብ ለብሪግስ ፈረዱ። ከተመልካቹ ብዙዎቹ ፎርማን አሸንፎ ነበር ብለው ተቈጡ። እርሱ ግን ጓንቱን አውልቆ ወደ ሂውስተን ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያም እስከ ሞተበት እስከ 2025 ድረስ አንድም ግጥሚያ አላደረገም።