ማግኔት ስለማይዝገው ብረት ምን ይመሰክራል?

በአዳማ ገበያ ድስትና ጭልፋ ለመግዛት የወጣ አንዳንድ ሰው ከአሮጌ ሬዲዮ የተፈታች ማግኔት በኪሱ ይዞ ይዞራል። ማግኔቷ ከድስቱ ላይ የተጣበቀች እንደ ሆነ «ይኸ ተራ ብረት ነው» ብሎ ይመልሰዋል፤ ያልተጣበቀች እንደ ሆነ «እውነተኛው ስቴንለስ ይኸ ነው» ብሎ ሒሳቡን ይከፍላል። ይህ ፍርድ ግን ደኅናውን ዕቃ ይጥላል፤ ደካማውን ያሳልፋል።

ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየም ነው። ከመቶ 10.5 እጅና ከዚያ በላይ ክሮሚየም ከብረት ጋር የቀለጠ እንደ ሆነ፥ በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ ስስ ልባስ ያበጃል። ልባሱ ቢጫር እንኳ መልሶ ይሽራል።

የማግኔት ነገር ግን የአቶሞች አሰላለፍ ነው። በተራ ብረት ውስጥ አቶሞቹ የሚደረደሩት በኩብ ሳጥን መልክ ሲሆን፥ በስምንቱ ማዕዘንና በሳጥኑ መካከል ይቆማሉ። በዚህ አሰላለፍ የየአቶሙ ጥቃቅን የማግኔትነት ኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚተባበር ብረቱ ይሳባል። ክሮሚየም ብቻ ቢጨመርበት ይኸው አሰላለፍ ይጸናል፤ ስለዚህ ብረቱ ዝገትን ይቋቋማል፤ ማግኔትም ይይዘዋል። ከመቶ 18 እጅ ክሮሚየም ጋር 8 እጅ ያህል ኒኬል ሲገባበት ግን የመካከሉ አቶም ስፍራውን ለቆ በስድስቱ ገጾች ላይ አቶሞች ይሰለፋሉ፤ ያ ትብብር ይፈርሳል፤ ማግኔትም አይይዘውም።

ሁለቱም ዓይነቶች እኩዮች ናቸው። ኒኬል ያለበትን የጀርመኑ ክሩፕ ኩባንያ በ1912 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፓተንት አስመዘገበ፤ ማግኔት የሚይዘውን ደግሞ ሃሪ ብሪርሊ በ1913 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ አቀለጠ።

ማግኔት የሚይዘው ዓይነት የተናቀ አይደለም። ከአዳማ አጠገብ ያለችው ወንጂ ከ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በስኳር ስሟ የታወቀ ነው፤ በዓለም ላይ ባሉ ብዙ ስኳር ፋብሪካዎች የሸንኮራ ጭማቂ በሚፈላባቸው ቧንቧዎች የሚሠራው ይኸው ዓይነት ብረት ነው። በአንጻሩ በውዱ ኒኬል ፈንታ አብዛኛው ማንጋኒዝ የገባበት ርካሽ ብረት አለ፤ ማግኔት አይይዘውም፤ ነገር ግን ጨውና እርጥበት ሲበዛበት ከባለ ኒኬሉ ቀድሞ ይዝጋል። ደግሞም ባለ ኒኬሉ ራሱ ሲቀጠቀጥና ሲታጠፍ አሰላለፉ በከፊል ስለሚለወጥ፥ የድስቱ ጠርዝ ማግኔትን በጥቂቱ ሊስብ ይችላል።

እንግዲህ ለመሥሪያ ቤት ዕቃ የሚገዛ ወጣት ሹም ማግኔቱን ብቻ አይመን። ዕቃው የተሠራበትን የብረት ደረጃ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ 304 ባለ ኒኬሉ ነው፤ 430 ማግኔት የሚይዘው፤ 201 ባለ ማንጋኒዙ። ማግኔት የሚነግረን አቶሞቹ እንዴት እንደ ተሰለፉ ነው እንጂ ድስቱ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል አይደለም።