ላፕቶፑ አላረጀም፤ ያረጀው ዲስኩ ነው

የእህቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው አክስቷ ከአሜሪካ በላከችላት ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1 ላፕቶፕ ነበር። ጠዋት ጠዋት ማብሪያውን ተጭና ቁርስ ልትበላ ትሄዳለች። ተመልሳ ስትመጣም ማሽኑ ገና እየተንደፋደፈ ነው። ዎርድ ተከፍቶ አንድ መስመር እስክትጽፍ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጅባት ነበር። አንድ ቀን ተማርራ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አብቅቶለታል፤ ሌላ ይገዛልኝ» አለችኝ። አንድ ሳምንት ብቻ ታገሺኝ አልኳት። በዚያ ሳምንት ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ በኤስኤስዲ ተካሁት፤ 4 ጊጋ የነበረውን ራምም 8 ጊጋ አደረስኩት። አሁን ማብሪያውን ከተጫነች ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ መጻፍ ትጀምራለች። ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑና ኪቦርዱ የድሮዎቹ ናቸው።

ይህ ተአምር አይደለም፤ ምክንያቱ ሲገባን ደግሞ ገንዘባችንን የት ማዋል እንዳለብን እናውቃለን።

ላፕቶፕ ሲዘገይ ብዙ ሰው የሚፈርደው በፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ለቢሮ ሥራ የተሠራ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር ግን ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ኤክሴል ለመሥራት፣ ኢንተርኔት ለመጠቀምና ቪዲዮ ለማየት ዛሬም አያንስም። የሚያዘገየው መጠበቁ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራውን ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ፣ ዲስኩ መረጃውን ፈልጎ እስኪያቀብለው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ሃርድ ዲስክ የሚንቀሳቀስ አካል ያለው ዕቃ ነው። ውስጡ ማግኔታዊ ሽፋን ያለው ሳህን ይሽከረከራል፤ በሳህኑ ላይ ደግሞ ጫፏ ማንበቢያ የተሸከመ ክንድ ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች። በላፕቶፕ ውስጥ የተለመደው ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ጊዜ ይዞራል። ሲሰሙት ፈጣን ይመስላል። ነገር ግን አንድ ፋይል በተፈለገ ቁጥር በመጀመሪያ ክንዷ ፋይሉ ወዳለበት ቦታ መድረስ አለባት፤ ይህ በአማካይ 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ቀጥሎ የተፈለገው መረጃ ዞሮ ከሥሯ እስኪመጣ መጠበቅ አለ፤ በአማካይ ግማሽ ዙር ስለሆነ 5.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሲደመር ከ17 እስከ 18 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በዚህ ስሌት ዲስኩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከየቦታው ሊያነሳ የሚችለው 60 እንኳ የማይሞሉ ቁርጥራጮችን ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚፈልገው በየጥጉ የተበተኑ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ነው። በጸጥታ ስትሰሙት ከላፕቶፑ ሆድ የሚወጣው «ክርር ክርር» የሚል ድምፅ የዚያች ክንድ ሩጫ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ለገበያ ሲያቀርብ ዕቃው 50 ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጠኑ አንሶ የሚይዘው እጅግ ቢበዛም፣ ዞሮ ጠብቆ የማንበብ ስልቱ አልተለወጠም።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። የተሠራው በስልካችንና በፍላሻችን ውስጥ ካለው የማስታወሻ ዓይነት ነው። ይህን ዓይነት ማስታወሻ በ1980ዎቹ የፈለሰፈው የቶሺባ መሐንዲስ የነበረው ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱዖካ ነው። የሚሽከረከር ሳህን ስለሌለ የትኛውንም መረጃ ለማግኘት 0.1 ሚሊሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ከሃርድ ዲስኩ ጋር ስናስተያየው ከመቶ እጥፍ በላይ ይፈጥናል ማለት ነው። ትልቅ ፋይል በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም፤ ሃርድ ዲስኩ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ቢያነብ ሳታ በሚባለው ማገናኛ የሚሠራ ኤስኤስዲ 500 ገደማ ያነባል። ዕለት ተዕለት የምንገላገለው ግን ከትናንሾቹ ፋይሎች መዘግየት ነው። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ 520 የሚለውንና 550 የሚለውን ኤስኤስዲ ይዛችሁ አትጨነቁ፤ ልዩነቱን በሥራችሁ ላይ አታዩትም።

የራሙ ነገር ሌላ ነው። መርካቶ ያለ አንድ ሱቅ አስቡ። ነጋዴው ፕሮሰሰሩ ነው፣ ባንኮኒው ራሙ ነው፣ ከጀርባ ያለው መጋዘን ደግሞ ዲስኩ ነው። ባንኮኒው ሰፊ ከሆነ ደንበኛ የጠየቀው ሁሉ እጁ ሥር ይገኛል። ጠባብ ከሆነ ግን አዲስ ዕቃ ለማውጣት የተዘረጋውን አጣጥፎ ወደ መጋዘን መመለስ፣ የመለሰውን ሌላው ደንበኛ ሲጠይቀው እንደገና ሄዶ ማምጣት ግድ ይለዋል። ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩም እንዲሁ ያደርጋል፤ ክፍት የሆኑ ፕሮግራሞችን ከፊሉን ወደ ዲስክ ይገፋል፣ ሲፈለጉ ይመልሳል። መጋዘኑ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ይህ ምልልስ ማሽኑን ቀጥ ያደርገዋል። ኤስኤስዲ ከሆነ ችግሩ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

ለሁለቱም የሚሆን ገንዘብ ከሌላችሁ በእኔ ፍርድ የሚቀድመው ኤስኤስዲ ነው። ራም ብቻ ጨምሮ ሃርድ ዲስኩን መተው ባንኮኒውን አስፍቶ መጋዘኑን ሌላ ሰፈር እንደማቆየት ነው። ራሙ የሚያስፈልጋችሁ መሆኑን ደግሞ በግምት ሳይሆን አይታችሁ ወስኑ። በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ዘወትር የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ ክፈቱና ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ዲስክ የሚለው 100 በመቶ ላይ ተቸንክሮ ከቆየ ጥፋተኛው ታውቋል። ሚሞሪ የሚለው ከ85 በመቶ በላይ ከሆነ ራሙም ጠቧል። 4 ጊጋ ዛሬ ለክሮም አሳሽ ብቻውን እንኳ ይጠባል፤ 8 ጊጋ ለብዙው ሰው ይበቃል፤ 16 ጊጋ የሚያስፈልገው ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ከባድ የዲዛይን ፕሮግራም ለሚጠቀም ነው። የተጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት ከሆነ ግን ከ4 ጊጋ በላይ መጠቀም አይችልም፤ ራም ከመግዛታችሁ በፊት ይህንንም አረጋግጡ።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነውና።

ራም በትውልድ ይለያያል። ዲዲአር3 የሚወስድ ላፕቶፕ ዲዲአር4 አይወስድም፤ ራሙ ላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ከመሰኪያው ጋር ስለማይገጥም አይገባም፣ በግድ ካስገባችሁትም መሰኪያውን ትሰብራላችሁ። ይበልጥ የሚያሳስተው በዲዲአር3 እና በዲዲአር3ኤል መካከል ያለው ልዩነት ነው። መልካቸው አንድ ነው፤ የመጀመሪያው በ1.5 ቮልት ይሠራል፣ ሁለተኛው በ1.35። እንደ እህቴ ልጅ ማሽን አራተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ የሚፈልገው ኤል ያለበትን ነው። ኤል የሌለው ተገጥሞ ማሽኑ አልነሳ ሲል «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የተባለለት ላፕቶፕ አይቻለሁ፤ ራሙ ሲቀየር ተነሳ። የእሷ ማሽን ሁለት የራም መሰኪያ ስላለውና አንዱ ባዶ ስለነበር ሌላ 4 ጊጋ መጨመር በቃ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ተጨማሪ ጥቅም አለው።

ሁሉም ላፕቶፕ እንዲህ ቸር አይደለም። ቲንክፓድ ቲ440ኤስ 4 ጊጋው ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ የመጣ ሲሆን አንድ መሰኪያ ብቻ አለው፤ 8 ጊጋ ብትጨምሩበት ጣሪያው 12 ነው። በማክቡክ ኤር ላይ ራሙ በሙሉ ተበይዷል፤ ምንም አይጨመርም። እ.ኤ.አ. በ2012 አጋማሽ የወጣው 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ግን፣ ሬቲና ስክሪን የሌለው ማለቴ ነው፣ ዲስኩም ራሙም ይለወጣል። 32 ወይም 64 ጊጋ ብቻ የሚይዙ ትናንሽ ርካሽ ላፕቶፖች ደግሞ ብዙዎቹ ማከማቻቸው ራሱ የተበየደ ነው፤ ለእነሱ ገንዘብ አታውጡ። ከላፕቶፑ ጀርባ ያለውን የሞዴል ስም በትክክል ጽፋችሁ ሳትይዙ ወደ ሱቅ አትሂዱ።

በኤስኤስዲ በኩል የቆዩት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የሚወስዱት 2.5 ኢንች የሆነውን፣ ከሃርድ ዲስኩ ጋር አንድ ቅርጽ ያለውን የሳታ ዓይነት ነው። አንዳንዱ የድሮ ዲስክ ውፍረቱ 9.5 ሚሊሜትር ሲሆን ኤስኤስዲው 7 ስለሆነ ትንሽ ማስደገፊያ ሊፈልግ ይችላል። ኤም.2 የሚባለው እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ዓይነት ጥንቃቄ ይሻል፤ አንዳንዱ ሳታ ነው፣ አንዳንዱ ኤንቪኤምኢ ነው፣ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ላፕቶፕ ሌላውን አያየውም። መጠኑን በተመለከተ ከ240 ጊጋ በታች ባትወርዱ እመርጣለሁ፤ ኤስኤስዲ ጢም ብሎ ሲሞላ ፍጥነቱን ያጣል።

የሐሰት ዕቃም አለ። 2 ቴራ ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚሸጥ ውጫዊ ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ ውስጡ ትንሽ የፍላሽ ካርድ ነው፤ ኮምፒውተሩን ዋሽቶ 2 ቴራ ነኝ ይለዋል፤ ከእውነተኛው መጠኑ በላይ የጫናችሁበት ግን ይጠፋል። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዕቃውን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ክሪስታልዲስክኢንፎን ከፍታችሁ ስንት ሰዓት እንደሠራና የጤንነቱን መቶኛ እዩ። «ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል» የሚለው ወሬ ግን አያስፈራችሁ። ኪንግስተን ኤ400 የሚባለው ርካሽ ዓይነት በ240 ጊጋ መጠኑ 80 ቴራባይት እንዲጻፍበት ታስቦ የተሠራ ነው፤ በየቀኑ 20 ጊጋ ብትጽፉበት ከአሥር ዓመት በላይ ነው።

ገጠማው ራሱ ከተባለለት ይቀላል። የ840 ጂ1 የጀርባ ክዳን ማንሸራተቻውን ገፋ ሲያደርጉት ይወልቃል፤ ዲስኩም ራሙም ፊት ለፊት ይታያሉ። በዴል ላቲትዩድ ኢ6430 ላይ የዲስኩን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቶ በጎን መሳብ ይበቃል። በሌሎቹ ሙሉ ጀርባው ይከፈታል፤ ብሎኖቹ ቁመታቸው ስለሚለያይ ከየት እንደወጡ በወረቀት ላይ ሥላችሁ አስቀምጧቸው፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ኪቦርዱን ሊበሳው ይችላል። ከሁሉ በፊት ቻርጀሩ ይነቀል፣ ባትሪው ይውጣ፤ ውስጥ ያለ ባትሪ ከሆነ ከማዘርቦርዱ ይላቀቅ። ከዚያ ማብሪያውን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አፍስሱ፤ ራሙን ከመያዛችሁ በፊትም ብረት ንኩ፤ በልብሳችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ለእኛ ባይሰማንም ቺፑን ይጎዳዋል። ራሙ በ45 ዲግሪ ገደማ ጋደም ብሎ ይገባና ወደ ታች ሲጫኑት በሁለቱም ጎን «ቀጭ» ይላል።

ሲስተሙን ለማዛወር ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ክሎንዚላን በመሰለ ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን እንዳለ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው አዲስ መጫን ነው፤ እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ለዓመታት የተጠራቀመ ቆሻሻና ቫይረስ ወደ አዲስ ቤት አይሸጋገርም። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 የነበረው ማሽን ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዲስክ ቢቀየርም እንደገና አይገዛም።

ስለ ዊንዶውስ 10 ካነሳን አንድ እውነት አለ፤ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ኤስኤስዲና ራም ይህንን አይፈቱትም። ለእህቴ ልጅ የጫንኩላት ሊኑክስ ሚንት ነው፤ በነጻ የሚገኝ ነው፣ የደኅንነት ማሻሻያው ይደርሰዋል፣ የአማርኛ ኪቦርድም ከቅንብሩ ውስጥ ይመረጣል። የቢሮ ሥራዋን ሊብረኦፊስ ላይ ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ወስዶባታል። የግድ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ያለው ሰው ግን ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ አልጣልነውም። በዩኤስቢ የሚሰካ ማቀፊያ ተገዝቶለት የመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫ ሆኗል። ይህም አስፈላጊ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ይንቋቋል፣ ይዘገያል፣ ምልክት ይሰጣል። ኤስኤስዲ ግን አንድ ጠዋት ድንገት ዝም ሊል ይችላል፤ ከሞተ በኋላ ከውስጡ ፋይል ማውጣት ከሃርድ ዲስኩ ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶዎቻችሁንና ጽሑፎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ከገጠማችሁ በኋላም በየሳምንቱ ገልብጡ።